ማይባክ መኪና ከመሆኑ በፊት

ደብረ ብርሃን ላይ፣ ጥር ወር ውስጥ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል አሮጌ ሞተር ማስነሳት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። የእኔዋ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። ቾክ ስስብላት ትነሳለች፣ ትንሽ ትሞቃለች፣ ቾኩን ስመልሰው ግን ወባ እንደያዘው ሰው መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። ነዳጅ እየሰጠኋት ከሄድኩ ምንም አትልም። መስቀለኛ መንገድ ላይ ደርሼ እጄን ሳላላ ግን ድፍት! ከኋላዬ ያለው ባጃጅ ጡሩንባውን ያስጮሃል፣ እኔ በእግሬ እየደጋገምኩ እመታለሁ፣ ሰው ይስቃል።

ሦስት ቦታ ወሰድኳት። የመጀመሪያው ከንዴላ ቀይር አለኝ፣ ቀየርኩ። ሁለተኛው ሚኒሞዋን ከፍ አደረገልኝ። እውነት ነው፣ ቆማ መጥፋቷን ተወች። ግን ቆማም እየጮኸች ቤንዚን መጠጣት ጀመረች። ሦስተኛው ዕድሜያቸው የገፋ መካኒክ ናቸው፤ እሳቸው ምንም ሳይሉ ካርቡራተሩን ፈትተው ጨርቅ ላይ በተኑት። ከውስጡ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ የነሐስ ቁራጭ አወጡና ወደ ፀሐይ አንስቼ በቀዳዳዋ እንዳይ ሰጡኝ። አየሁ። ምንም ቀዳዳ አልነበራትም። ችግሩም እሱ ነበር፣ ሊኖራት ይገባ ነበር።

ያን ቀን ማታ ስልኬ ላይ ይህችን ነገር ማን ነው የፈጠራት ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። ያገኘሁት ስም ማይባክ ነው። እኔ ማይባክን የማውቀው ራፐሮች ከኋላ ወንበሩ ላይ ተንጋለው ሲዘፍኑበት፣ ቲክቶክ ላይ ደግሞ ዋጋው ሲነገር ሰው አፉን ሲይዝ ነው። መኪና እንጂ ሰው አይመስለኝም ነበር። ሰው ነበር። ያውም ወላጅ አልባ ሆኖ በዕርዳታ ቤት ያደገ ሰው።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቪልሄልም ማይባክ የተወለደው ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1846 በደቡብ ጀርመን፣ ሃይልብሮን ከተማ ነው። አባቱ አናጢ ነበር። ቤተሰቡ ኑሮ ፍለጋ ወደ ሽቱትጋርት ከሄደ በኋላ ነገሩ ሁሉ በአንዴ ተበላሸ። ልጁ ስምንት ዓመት ሲሞላው እናቱ ሞተች፣ አሥር ሲሞላው አባቱ። ዘመዶቹ አቅሙ ስላልነበራቸው ወላጅ የሌላቸውን ልጆች የሚረዳ ሰው ካለ ብለው ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጡ። እስቲ አስቡት፣ አሥር ዓመትህ ነው፣ ስምህ ጋዜጣ ላይ የወጣው የሚያሳድግህ ሰው ተፈልጎ ነው።

ማስታወቂያውን ተከትሎ ቪልሄልምን የተቀበለው ሮይትሊንገን በምትባል ከተማ የነበረ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የወንድማማቾች ቤት ይሉታል። መሥራቹ ጉስታፍ ቬርነር የሚባል የሃይማኖት ሰው ነበር፤ ሰውየው ልጆችን ሰብስቦ ማብላት ብቻ አይበቃም ብሎ የሚያምን ዓይነት ነው። ቤቱ የራሱ የማሽን ፋብሪካ ነበረው። ልጆቹ ሙያ ይማራሉ፣ ፋብሪካው ይሸጣል፣ ከሽያጩ ቤቱ ይተዳደራል። ኢኮኖሚክስ ስማር እንዲህ ዓይነቱን ነገር በእንግሊዝኛ ረጅም ስም ሰጥተው አስተምረውናል፤ ቬርነር ግን ከ150 ዓመት በፊት ስም ሳያወጣለት ይሠራው ነበር። እዚያ የቪልሄልም እጅ ለሥዕል እንደሚሆን ታወቀ። የአበባ ሥዕል ሳይሆን የማሽን ሥዕል፣ ማለትም ብረት ከመቆረጡ በፊት ወረቀት ላይ የሚሰመረው። 15 ዓመት አካባቢ ሲሆነው ዲዛይን ክፍል ገባ። ቀን እየሠራ ማታ የከተማው ትምህርት ቤት ፊዚክስና ሥዕል ተማረ።

በ1863 ለዚያ ፋብሪካ አዲስ ኃላፊ መጣ። ጎትሊብ ዳይምለር ይባላል፣ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው፣ ከማይባክ 12 ዓመት ይበልጣል። ዳይምለር ተምሯል፣ ተጉዟል፣ ይናገራል፣ ይቆጣል፣ ይደራደራል። ማይባክ ዝም ብሎ ይስላል። ዳይምለር ይህን ዝምተኛ ልጅ አየውና ከዚያ በኋላ አለቀቀውም። በ1869 ዳይምለር ወደ ካርልስሩኸ ሲሄድ ማይባክ ተከተለ። በ1872 ዳይምለር ኮሎኝ አጠገብ ወዳለው የዶይትስ የጋዝ ሞተር ፋብሪካ ሲዛወር ማይባክ አሁንም ተከተለ። ዶይትስ ማለት የኒኮላውስ ኦቶ ፋብሪካ ነው፤ ዛሬ በየመንገዱ የሚሮጠው ባለ አራት ምት ሞተር በ1876 የተወለደበት ቤት። የኦቶን ሐሳብ በብዛት ተመርቶ ወደሚሸጥ ዕቃ የለወጠው በአብዛኛው የማይባክ እርሳስ ነው።

ያ የኦቶ ሞተር ግን ለሞተር ሳይክል ቀርቶ ለጋሪም አይሆንም ነበር። እንደ ቁም ሳጥን የቆመ ግዙፍ ብረት ነው፣ በደቂቃ ከ200 ዙር በታች ነው የሚዞረው፣ የሚበላውም በከተማ ቧንቧ የሚመጣ ጋዝ ነው። ቧንቧ ይዘህ መንገድ አትሄድም። ዳይምለር ትንሽና ፈጣን የሆነ፣ ምግቡን ይዞ የሚዞር ሞተር ፈለገ። ከኦቶ ጋር አልተስማማም፣ በ1882 ለቀቀና ሽቱትጋርት አጠገብ ካንሽታት በምትባል የፍል ውኃ ከተማ ቪላ ገዛ። ማይባክም ቤተሰቡን ይዞ ከኋላ መጣ። ያኔ አግብቶ ካርል የሚባል ትንሽ ልጅ ወልዷል።

የሁለቱ ወርክሾፕ የቪላው አትክልት ማቆያ ቤት ነበር። ቀንም ሌሊትም ከውስጡ የመዶሻ ድምፅ ይወጣል፣ ማንም አይገባም። አትክልተኛው ተጠራጠረ። እነዚህ ሰዎች የሐሰት ገንዘብ እያተሙ ነው ብሎ ለፖሊስ ጠቆመ ይባላል፤ ፖሊስ ገብቶ ሲፈትሽ ያገኘው ሞተር ብቻ ነው። ጎረቤት የትም ቦታ ጎረቤት ነው።

የሠሩት ሞተር በደቂቃ 600 ዙር ይዞራል። ለዚያ ጊዜ ይህ እብደት ነው። ነዳጁ ደግሞ ያኔ ፋርማሲ ውስጥ ለልብስ እድፍ ማስለቀቂያ ይሸጥ የነበረ ፈሳሽ ነው፤ ማደያ የሚባል ነገር የለም። በ1885 ትንሹን ሞተር፣ 264 ሲሲ፣ ግማሽ የፈረስ ጉልበት፣ የእንጨት ብስክሌት በሚመስል ነገር ላይ ሰቀሉት። ጎማው እንጨት፣ በብረት የታሰረ፤ ጎንና ጎኑ እንዳይወድቅ ሁለት ትናንሽ ደጋፊ ጎማዎች፤ ኮርቻው ልክ የፈረስ። በኖቬምበር ወር ከካንሽታት እስከ ኡንተርቱርክሃይም ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ተጋለበ። አንዳንዱ ትረካ ጋላቢው ማይባክ ነው ይላል፣ አንዳንዱ የዳይምለር ልጅ። ሞተሩን የሚያቀጣጥለው በእሳት የጋለ ቱቦ ከኮርቻው ሥር ስለነበር መቀመጫው እሳት እንደያዘም ይወራል። ፍጥነቱ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር። የዓለም የመጀመሪያዋ ሞተር ሳይክል የምትባለው ብዙ ጊዜ ይህቺ ናት።

እዚህ ላይ አንድ የገረመኝ ነገር አለ። እነሱ ሞተር ሳይክል ለመሥራት አልነበረም ያሰቡት። ሞተሩን መሞከሪያ ነገር ፈልገው ነው፣ ብስክሌት ቅርጹ ቀላል ስለሆነ ነው። እኛ ሞተር ሳይክሉን በአጭሩ ሞተር ብለን መጥራታችን ለእነሱ ፍጹም ትክክል ይሆን ነበር።

የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው በዳይምለር ስም ነው። በእነዚያ ዓመታት የወጡት ዋና ዋናዎቹ እንዲሁ ነበሩ። ገንዘቡ የዳይምለር፣ ቤቱ የዳይምለር፣ አደጋውም የዳይምለር ነው፤ ስለዚህ ይህን ስርቆት አልለውም። ግን ብቻውን ቁጭ ብሎ የሣለውን ሰው ስም ከወረቀቱ ላይ ብትፈልገው አታገኘውም።

አሁን ወደ ካርቡራተሩ። ቤንዚን ፈሳሽ ሆኖ አይቃጠልም፤ ተንኖ ከአየር ጋር ሲደባለቅ ነው የሚፈነዳው። ልኩም አለው፣ በክብደት ለአንድ እጅ ቤንዚን 15 እጅ ገደማ አየር። የመጀመሪያዎቹ ካርቡራተሮች ይህን የሚያደርጉት በየዋህ መንገድ ነበር። ቋት ውስጥ ቤንዚን አለ፣ አየሩ በላዩ ላይ እያለፈ ትነቱን ይዞ ወደ ሞተሩ ይገባል። ልክ ከሚፈላ ድስት ላይ እንፋሎት እንደ መውሰድ። ችግሩ ቤንዚን አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ቀላሉ ክፍል መጀመሪያ ይተናል፣ ከባዱ ይቀራል። ጠዋት በደንብ የሠራ ሞተር ከሰዓት ይሰንፋል። ሲበርድ አንድ ነው፣ ሲሞቅ ሌላ ነው። መንገዱ ሲያንገጫግጨው ቤንዚኑ ይናጣል፣ ድብልቁ ይዛባል። የእኔ ሞተር መስቀለኛ መንገድ ላይ የምታሳየኝን ፀባይ እነ ዳይምለር በየቀኑ ያዩት ነበር።

ማይባክ ለዚህ መልስ ያገኘው በሚገርም ሰዓት ነው፤ ሥራ በሌለው ሰዓት።

ዳይምለር ገንዘብ አጠረው። በ1890 ሁለት ባለ ሀብቶችን፣ ዱተንሆፈርንና ሎሬንትስን፣ አስገብቶ የዳይምለር የሞተር አክሲዮን ማኅበር ተመሠረተ። ስሙ በሩ ላይ ተጻፈ፣ ሥልጣኑ ግን ከእጁ ወጣ። ሰዎቹ የሚፈልጉት ቆሞ የሚሠራ የፋብሪካ ሞተር መሸጥ ነው፣ መኪና የሚባለውን ቅዠት አይደለም። ለማይባክ የቀረበለት ውል እሱን ተራ ተቀጣሪ የሚያደርግ፣ በአመራሩ ውስጥ ቦታ የማይሰጠው ነበር። በፌብሩዋሪ 1891 ለቀቀ። 45 ዓመቱ ነው፣ ልጆች አሉት፣ ቤት ቁጭ አለ። በሕይወቱ ሙሉ ሰው ሲከተል የኖረ ዝምተኛ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዳይምለር ግን አልተወውም። ከራሱ ኪስ እየከፈለ በድብቅ ማሠራት ጀመረ። በ1892 ካንሽታት ውስጥ ሥራ ያቆመ ሄርማን የሚባል ሆቴል የጭፈራ አዳራሹን ተከራዩ፣ ማይባክ 12 ሠራተኞችና 5 ተለማማጆች ይዞ ገባ። ሰው ሲጨፍርበት የነበረ ወለል ላይ ብረት ማሽን ተተከለ። ማኅበሩ በሚገባ የተደራጀ ፋብሪካ ይዞ ወደ ታች ሲንሸራተት፣ ከፋብሪካው የተባረረው ሐሳብ ጭፈራ ቤት ውስጥ ያድግ ነበር።

በ1893 የወጣው ካርቡራተር ቤንዚኑ ላይ አየር አያሳልፍም። ተቃራኒውን ያደርጋል፣ ቤንዚኑን አየሩ ውስጥ ይረጫል። ትንሽ ቋት አለች፣ ቋቷ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ መግቢያውን ይዘጋል፣ ሲጎድል ዝቅ ብሎ ይከፍታል፤ የሽንት ቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ከፍታችሁ ካያችሁ ያው ነው። ስለዚህ ከፍታው ሁልጊዜ አንድ ነው። ከቋቷ ቀጭን ቱቦ ወጥታ አየሩ የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ መሀል ትቆማለች። ፒስተኑ አየር ሲስብ አየሩ በጠባቡ ቦታ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፣ ግፊቱ ሲወርድ ቤንዚኑ ከቱቦዋ ጫፍ ብናኝ ሆኖ ይወጣል። ሞተሩ ብዙ ሲስብ ብዙ ይወጣል፣ ትንሽ ሲስብ ትንሽ። ማንም መቆጣጠር የለበትም፣ ሞተሩ ራሱ የሚፈልገውን ያዝዛል። የፍላጎትና የአቅርቦት መምህሬ ይህችን ዕቃ ቢያውቃት ኖሮ አንድ ሴሚስተር ይቆጥብልን ነበር።

ለሐቁ ሲባል፣ ያን ሐሳብ ያገኘው ማይባክ ብቻ አይደለም። ቡዳፔስት ላይ ባንኪና ቾንካ የሚባሉ ሁለት ሃንጋሪያውያን በዚያው በ1893 መጀመሪያ፣ ማይባክ በነሐሴ ወር ፈረንሳይ ውስጥ ከማስመዝገቡ ከወራት በፊት፣ የራሳቸውን አስመዝግበዋል። መንገድ ዳር አበባ የምትሸጥ ልጅ ውኃ ስትረጭ አይተው ነው የሚል አፈ ታሪክም አላቸው፣ ደስ ይላል። ማይባክ ተረት የለውም። ያለው ወደ ምርት የገባና መንገድ ላይ የዋለ ዕቃ ነው።

ታዲያ የእኔ ሞተር ምን ሆና ነው? መካኒኩ እየሠሩ እያስረዱኝ የገባኝን ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ያው ችግር እንዳለባችሁ ስለማውቅ። ነዳጁ በደንብ ሲከፈት አየሩ በኃይል ስለሚያልፍ የማይባክ ዋና ቱቦ ሥራዋን ትሠራለች። እጄን ሳላላ ግን መዝጊያው ይወርዳል፣ አየሩ ይደክማል፣ ከዋናው ቱቦ ቤንዚን ለመሳብ ጉልበት ያንሰዋል። ለዚህ ሰዓት ከማይባክ በኋላ የመጡ ሰዎች ሌላ ቀጭን መንገድ ጨመሩ፤ ያቺ ወደ ፀሐይ ያነሳኋት የነሐስ ቁራጭ የዚያ መንገድ በር ናት። እኔ ክረምቱን ሙሉ ሞተሯን አቁሜ ሄጄ ነበር። ቋቷ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ተንኖ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ነገር ትቶ ሄዷል። ትልቁን ቀዳዳ አልደፈነውም፣ ትንሿን ደፈናት። ለዚህ ነው ስትሮጥ ደህና፣ ስትቆም ሞት።

ሰውዬው ግን ወዲያው አልነበረም የፈቱት። መጀመሪያ የሳልባቲዮውን ክዳን ከፍተው አሸተቱ፤ የቆየ ቤንዚን እንደ ቫርኒሽ ይሸታል። ከዚያ ካርቡራተሩን ከሞተሩ ጋር የምታገናኘውን ጎማ የሳሙና ውኃ ቀቧት፤ ጎማዋ ከተሰነጠቀች ያልተፈለገ አየር ትስባለች፣ ውኃው ሲነካት የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። አልተለወጠም። ከንዴላውን ነቅለው አዩት። ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ አየር በዝቷል፣ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። የእኔ ነጣ ያለ ነበር፣ በሚኒሞ ቤንዚን እየተራበች ነው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ነው ካቻቪቴ ያነሱት። ቁራጯን በካርቡራተር ማጽጃ ዘፍዝፈው በኮምፕረሰር ነፏት። እኔ ሽቦ ላምጣ ስል ተቆጡኝ፤ የብረት ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ካሰፋኸው በኋላ በምንም አታጠብበውም። ከባሰ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የምትመዘዝ አንዲት የመዳብ ክር ትበቃለች።

ሁለተኛው መካኒክ ያጠፋው ጥፋትም ገባኝ። ሁለት ብሎኖች አሉ። አንዷ መዝጊያውን ከፍ አድርጋ የምትይዝ ናት፣ ዙሩን ትጨምራለች እንጂ በሽታ አትፈውስም። ሌላዋ የድብልቁ ናት። ይህችኛዋን ከመንካታችሁ በፊት በቀስታ እስክትደርስ አጥብቃችሁ ስንት ዙር እንደሆነ ቁጠሩና ጻፉ፣ ያለዚያ መመለሻ የላችሁም። ወደ አየር ማጣሪያው በኩል ያለች ከሆነች የምትቆጣጠረው አየር ነው፣ ስታጠብቋት ቤንዚን ይበዛል። ወደ ሞተሩ በኩል ከሆነች ቤንዚኑን ነው፣ ስታጠብቋት ቤንዚን ያንሳል። ይህን ሳያውቅ የሚያዞር ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነበርኩ።

ደግሞ ከፍታ አለ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ስስ ነው። ባሕር አጠገብ ላለ አገር የተለካ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑን እንደ ድሮው ይሰጣል፣ አየሩ ግን ጎድሏል። የተደፈነችው ከተከፈተች በኋላ ለዚያ ነው ሰውዬው ብሎኗን እንደገና ያስተካከሏት፣ በእኛ አየር ልክ።

ወደ ማይባክ ልመለስ። ጭፈራ ቤት ውስጥ በእሱ ካርቡራተር የተሠራው ሞተር ፊኒክስ ተባለ። በ1895 ፈረንሳዊው ኤሚል ሌቫሶር በፊኒክስ ሞተር ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ ሲመለስ፣ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ፣ 49 ሰዓት ገደማ ፈጀበት። ሰውየው መሪውን የያዘው እንቅልፍ ሳይተኛ ብቻውን ነው ማለት ይቻላል። ፈረንሳዮች የጀርመኑን ሞተር ሲያሞግሱ፣ በራሱ አገር ዳይምለር በ1894 በኪሳራ ማስፈራሪያ ተገዶ ድርሻውንና መብቱን በ66,666 ማርክ ለቆ ወጥቶ ነበር።

ከዚያ ገበያው ፈረደ። ፍሬድሪክ ሲምስ የሚባል ነጋዴ የፊኒክስን ሞተር መብት ለእንግሊዝ ለመግዛት 350,000 ማርክ አቀረበ። አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፣ ዳይምለር ወደ ማኅበሩ ይመለስ። ማኅበሩ ገንዘቡ በጣም ያስፈልገው ነበር። በኖቬምበር 1895 ዳይምለር ተመለሰ፣ ማይባክም አብሮ የቴክኒክ ዳይሬክተር ሆኖ ገባ። ከአራት ዓመት በፊት ተራ ውል ያቀረቡለት ሰዎች ናቸው የተቀበሉት። ያኔ ፊታቸው ምን ይመስል እንደነበር ባይ ደስ ይለኝ ነበር።

በማርች 1900 ዳይምለር ሞተ። ማይባክ ያለ እሱ የሠራው የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ በሕይወቱ ትልቁ ሆነ። ኒስ ላይ የሚኖር ኤሚል የሊኔክ የሚባል ሀብታም ሻጭ ከሁሉም የሚፈጥን መኪና ከተሠራለት 36 መኪና በ550,000 ማርክ እገዛለሁ አለ፣ መኪናውም በሴት ልጁ ስም እንዲጠራ ፈለገ። ልጅቷ መርሴዲስ ትባላለች። ማይባክ ጋሪ የሚመስለውን ነገር ሁሉ ጣለው። ዝቅ ያለ፣ ረዘም ያለ፣ 35 የፈረስ ጉልበት፤ ከፊቱ 8,070 ትናንሽ ቱቦዎች ያሉት፣ የንብ እንጀራ የመሰለ ራዲያተር። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ካርቡራተር ነበራቸው፣ ለጥንድ ጥንዱ አንድ። እኔን ያስቀናኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሾፌሩ መሪው ላይ ባለች ዘንግ ዙሩን ከ1,000 እስከ 300 ማውረድ ይችል ነበር። በደቂቃ 300 ዙር ሳይጠፋ! የእኔዋ 1,200 ላይ ታለቅሳለች።

በማርች 1901 ኒስ በተደረገው የውድድር ሳምንት መርሴዲስ ሌሎቹን ሁሉ አሮጌ አስመሰለቻቸው። ፈረንሳዮች ማይባክን የዲዛይነሮች ንጉሥ ይሉት ጀመር። ጋዜጣ ላይ አሳዳጊ ተፈልጎለት የነበረው ልጅ ማለት ነው።

ግን ቢሮ ቢሮ ነው። ከለላው ዳይምለር የለም፣ የማኅበሩ ሰዎች ቀስ በቀስ ከዋናው ዲዛይን ገፉት፣ ለየት ያለ ክፍል ሰጥተው ገለል አደረጉት። በ1907 ለቀቀ። 61 ዓመቱ ነው። ከሁለተኛው መልቀቅ በኋላ የሚመልሰው ሲምስ አልመጣም።

ያኔ ነው ልጁ ካርል የሚገባው። በ1908 የካውንት ዜፔሊን ግዙፍ የአየር መርከብ ኤሽተርዲንገን ላይ ተቃጠለች፣ ሕዝቡ ከስድስት ሚሊዮን ማርክ በላይ አዋጥቶ ሌላ ይሠራ አለ። ማይባክ ለዜፔሊን የተሻለ ሞተር እንሠራልሃለን ብሎ ጻፈ፤ በ1909 ኩባንያ ተቋቋመ፣ ኃላፊው ካርል ሆነ። አባትየው አማካሪ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ካርል ሰማይ ላይ፣ አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ፣ ጉልበቱን የማያጣ የአውሮፕላን ሞተር ሠራ። የደብረ ብርሃን ችግር ነው፣ መጠኑ በዛ እንጂ።

ጀርመን ስትሸነፍ የቬርሳይ ስምምነት የአውሮፕላን ሞተር መሥራት ከለከለ። ፋብሪካ አለ፣ ባለሙያ አለ፣ የሚሠራ ነገር የለም። ካርል በ1921 ወደ መኪና ዞረ፣ ቁጥሩ ትንሽ፣ ዋጋው ሰማይ። ዛሬ ስልካችን ላይ የምናየው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ቪልሄልም ያኔ 75 ዓመቱ ነበር፣ የሽቱትጋርት የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤትም ከዓመታት በፊት በ1916 የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። የማታ ትምህርት ብቻ ለተማረ ሰው።

ዲሴምበር 29 ቀን 1929 በ83 ዓመቱ ካንሽታት ውስጥ አረፈ። የተቀበረው እዚያው ኡፍ በሚባለው መቃብር ነው፣ ከዳይምለር ብዙም ሳይርቅ። ያቺ የእንጨት ሞተር ሳይክል ግን ቀድማቸው ሄዳለች፤ በ1903 ፋብሪካው ሲቃጠል ተቃጥላለች፣ ሙዚየም ውስጥ ያሉት ቅጂዎች ናቸው።

የእኔዋ አሁን ቆማም አትጠፋም። መካኒኩ ለብዙ ቀን ስታቆማት የነዳጁን መዝጊያ ዝጋና ቋቷ ውስጥ ያለውን እስክትጨርስ ድረስ አስነስተህ ተዋት ብለውኛል። ሁለት ጊዜ ረስቻለሁ።